ካቻቢቴውን አስቀምጠው

ቆይ፣ ቆይ! ካቻቢቴውን አስቀምጠው። ገና ሞተር ሳይክሏን ሳትጠይቃት የካርቡሬተሯን ቪቴ ልታዞር ነው? አንዴ ካዞርከው በኋላ ጥፋቱ የእሷ ይሁን የአንተ ማን ይለየዋል? ደግሞ ያንን የቡና ከሰል ወደ ጓሮ አውጣልኝ፤ ቤንዚን ልንከፍት ነው።

በል ንገረኝ፣ መቼ መቼ ነው የምትጠፋው? “ዝም ብላ” መልስ አይደለም። ትንሽ ሄዳ ጠፍታ፣ ስታሳርፋት መልሳ የምትነሳ ከሆነ ካርቡሬተሩን አትንካው። የታንከሩን ክዳን ከፍተህ አዳምጥ። “ፍሽሽ” ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ አየር ካልገባ ደግሞ ቤንዚን አይወርድም። ያማሃ ኤጂ 100 እኮ ለእርሻ ሥራ የተሠራች ናት፣ ጭቃና አቧራ አትፈራም። ክዳኗን የሚያጥብላት ሰው ነው የጠፋው።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ቤንዚኑን ተከትለህ ውረድ። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ንቀልና ወደ ጠርሙስ ልቀቀው። ጠብ ጠብ ካለ ታንከሩ ሥር ያለችው ወንፊት ዝገት ይዟታል። ቀጥሎ የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ቪቴ ፍታና በብርጭቆ ተቀበል። ኧረ የሻይ ብርጭቆዬን አይደለም! ትንሽ አቆየው። ውሃ ካለ ከታች ይተኛል። የማደያው ሰልፍ ሰልችቶህ መንገድ ዳር በውሃ ጠርሙስ የሚሸጠውን ስትገዛ፣ ውሃም ላምባም አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ቾክ ካልተሳበላት የማትሠራ ከሆነ፣ ወይም ሚኒሞ ላይ እምቢ ብላ ጋዝ ሲሰጣት የምትሮጥ ከሆነ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ጄት ጠርጥር። ክረምቱን ቆማ ከከረመች ደግሞ ብዙም አትመራመር፤ ቤንዚኑ ተንኖ ሙጫ የሚመስል ነገር ይተዋል። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆና ሙሉ ጋዝ ላይ ካነቃት ግን ትልቁ ጄት ነው፣ ወይም ከላይ የሚወርደው አልበቃትም።

እሺ፣ አሁን ካርቡሬተሩን ክፈት። የሚኒሞዋን የአየር ቪቴ ከማውጣትህ በፊት እስኪቆም ድረስ በቀስታ አጥብቀውና ስንት ዙር እንደሄደ ጻፍ። በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ አትበለኝ፣ አውቅሃለሁ። ጄቶቹን በካርቡሬተር ማጽጃና በኮምፕሬሰር አየር አጽዳ። የብረት መርፌ ግን እንዳትከትባቸው፤ ናስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ከሰፋ መመለሻ የለውም። ወደ ብርሃን ይዘህ አሻግረህ እይ።

እስከዚህ ያለውን ብትሳሳት የምታጣው ጊዜ ነው። ይሄን ብትሳሳት ግን ሞተሩን ታጣለህ። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለችውን ጎማ አጠፍ አድርገህ ስንጥቅ ፈልግ። በዚያ በኩል ትርፍ አየር ከገባ ሚኒሞው ብቻውን ከፍ ይላል፣ ጋዝ ስትለቅም ቶሎ አይወርድም። ሰው “ዛሬስ ጉልበት አገኘች” ብሎ ይደሰታል! ሁለት ስትሮክ ናት፤ ቤንዚን ሲያንሳት ትግላለች፣ ከዚያ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። ካንዴላውን ፈትተህ እየው፦ ነጭ ከሆነ አትንዳት። ቡናማ ደህና ነው። ጥቁር ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እጠብ። ከ1,000 ሜትር በታች ባለችው መተሐራ ልክ የነበረች ሞተር ደብረ ብርሃን ስትወጣ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ብቻ ልትጠቁር ትችላለች። ያ ብልሽት አይደለም፣ አነስ ያለ ጄት ነው የሚፈልገው።

ስትቆም በትርፍ ቱቦዋ ቤንዚን የምታንጠባጥበው ደግሞ ተንሳፋፊው የሚገፋት መርፌ ስላረጀች፣ ወይም ቆሻሻ ስለያዛት ነው። እስክትቀይራት ማታ ማታ ቤንዚኑን ዝጋ። መለዋወጫ ልትገዛ ሶማሌ ተራ ስትወርድ አሮጌዋን መርፌ ይዘህ ሂድ፤ ባለ ሱቁ “ያው ናት” ቢልህም ጎን ለጎን አስተያይተህ ክፈል።