የተራራ ጫፍ ደመና አፈጣጠርና የዝናብ ሁኔታ ግምገማ

በክረምት ወራት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው፣ ሜዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀው ሳለ ሽቅብ ሲመለከት የጦሳ ተራራ አናት በደመና ተጋርዶ የሚያይበት ጊዜ ብዙ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም የከፍታ ልዩነታቸው ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ይህ ልዩነት አንዱን ሥፍራ በጉም ውስጥ፣ ሌላውን በጠራራ ፀሐይ ለማዋል ይበቃል።

ጉዳዩ የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይደለም። የዝናቡን ሁኔታ አጥንቶ የእህል ርዳታ ፍላጎትን እንዲገምት የተላከ ሠራተኛ በመኪና ሲያልፍ ያየውን የተራራ ደመና ይዞ «አካባቢው ዝናብ አግኝቷል» ብሎ ቢጽፍ፣ በተራራው ግርጌ የሚኖረው ገበሬ ከተረጂዎች መዝገብ ሊወጣ ይችላል። ስለሆነም ይህ ደመና ከምን እንደሚፈጠር፣ መቼ ዝናብ እንደሚሰጥና መቼ እንደማይሰጥ መረዳት ከግምገማው ሥራ ተለይቶ የሚታይ አይሆንም።

አየር ምንጊዜም በዓይን የማይታይ የውሃ ተን ይዟል። በነፋስ ተገፍቶ የመጣ አየር ተራራ ሲገጥመውና በጎን ማለፊያ ሲያጣ ሽቅብ ለመውጣት ይገደዳል። ከፍ ባለ ቁጥር ከላይ የሚጫነው የአየር ክብደት ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ በመስፋቱም ይቀዘቅዛል። የሚቀዘቅዘው በራሱ መስፋት እንጂ ቀዝቃዛ ዐለት በመንካቱ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የቅዝቃዜው መጠን በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቅዝቃዜው የጤዛ ነጥብ ከሚባለው ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ተኑ በአየር ላይ በሚንሳፈፉ የአቧራ፣ የጢስና የባሕር ጨው ብናኞች ላይ እየሰፈረ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። የእነዚህ ጠብታዎች ክምችት ከሩቅ ሲታይ ደመና፣ ውስጡ ሲገቡ ደግሞ ጉም ይባላል።

በአኀዝ ለማስረዳት ያህል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ከፍታ ባለው የተራራ ግርጌ የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ ደግሞ 13 ዲግሪ ነው እንበል። አየሩ ሲወጣ ሙቀቱ በየ1000 ሜትሩ በ10 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡም በ2 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በመካከላቸው ያለው የ12 ዲግሪ ልዩነት 1500 ሜትር ሲወጣ ያልቃል። የደመናው ወለል እንግዲህ 2500 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። የደመና ሥር በገመድ እንደተለካ ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በላይ፣ ተኑ ወደ ውሃ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ የአየሩ ቅዝቃዜ ይዘገይና በየ1000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል፤ ተራራው 4000 ሜትር ቢሆን አየሩ ጫፉ ላይ ሲደርስ 1 ዲግሪ ይሆናል። የተፈጠረው ውሃ ሁሉ በዚያው በዝናብ ቢወርድና አየሩ በወዲያኛው ጎን ወደ 1000 ሜትር ቁልቁል ቢመለስ፣ በየ1000 ሜትሩ 10 ዲግሪ እየሞቀ 31 ዲግሪ ሆኖ ይደርሳል። በ25 ዲግሪ የተነሣው እርጥብ አየር በ31 ዲግሪ ደረቅ ሆኖ መጣ ማለት ነው። ከነፋስ የተከለለውና በዚህ ሁኔታ ዝናብ የሚነፈገው ጎን የዝናብ ጥላ ይባላል።

በአገራችን ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው የስሜን ተራሮች አካባቢ ነው። በክረምት እርጥቡ ነፋስ በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ ራስ ዳሸንን የያዘው ይህ ከፍተኛ መሬት ብዙውን እርጥበት ያስቀራል። ከበስተጀርባው ያሉት የተከዜ ሸለቆና የዋግ ቆላዎች ግን የሚደርሳቸው የተረፈው ነው። የዋግ ገበሬ ወደ ምዕራብ ዞሮ የሚያየው ደመና ለእርሱ የዘነበ ደመና አይደለም። በበልግ ነገሩ ይገለበጣል። እርጥቡ አየር ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ከምሥራቅ ስለሚመጣ ነፋስ የሚገጥመው ጎን የወሎ ምሥራቃዊ ተረተር ይሆናል። በ1976 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ሲቀር ክፉኛ ከተጎዱት መካከል በዚህ ዝናብ ገብስ የሚያመርቱት የወሎ ደጋዎች ይገኙበታል።

ሌላው አሳሳች ነገር በተራራ አናት ላይ እንደ ቆብ ተደፍቶ ሰዓታት ሙሉ የማይነቃነቀው ደመና ነው። ቆሞ ይታያል እንጂ አልቆመም። ነፋሱ በውስጡ ያልፋል፤ በአንድ በኩል አዲስ ጠብታ ሲፈጠር በሌላው በኩል የነበረው ይተንናል። የአንዱ ጠብታ ዕድሜ ደቂቃዎች ብቻ በመሆኑ ለዝናብ የሚበቃ ክብደት አያገኝም። አንድ መካከለኛ የዝናብ ጠብታ ለመሆን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የደመና ጠብታዎች መሰብሰብ አለባቸው። እንዲህ ያለው ደመና አስታውንና ጅብራውን ያረጥብ ይሆናል፤ ማሳውን ግን አያጠጣም።

የምልከታው ሰዓትም ውጤቱን ይለውጣል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆ ስለሚወርድ ጠዋት ጉሙ ከታች፣ ጫፉ ከላይ ጠርቶ ይገኛል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣና ወደ እኩለ ቀን ግድም ጫፉ ላይ ደመና ይከመራል። ጠዋት ያለፈና ከሰዓት በኋላ ያለፈ ሁለት ተመልካቾች ስለ አንድ ወረዳ ሁለት የተለያየ ዘገባ ቢያቀርቡ ሊያስገርም አይገባም።

በመሆኑም የወረዳው ከተማ ደጋ ላይ ከሆነና የዝናብ መለኪያውም እዚያው ከቆመ፣ ልኬቱ ለቆላው ቀበሌ ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። የሳተላይት ግምትም ቢሆን በአብዛኛው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ መሠረት ስለሚያደርግ፣ ብዙም ከፍ ሳይል ከሚዘንበው የተራራ ደመና የሚወርደውን ውሃ አሳንሶ ያያል። ተጨማሪ መለኪያ በሌለበት ቦታ አፈሩን ቆፍሮ እርጥበቱ ምን ያህል እንደዘለቀ ማየትና ምንጮቹን መጎብኘት ከሰማዩ ይልቅ ይታመናል።

በሠፈራ ቦታዎችም ጥያቄው በሌላ መልኩ ይነሣል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ከተወሰዱት 600,000 ያህል ሰዎች ብዙዎቹ የደጋ ገበሬዎች ነበሩ። እንደ ፓዌ ባለ ዝቅተኛ ሜዳ ደመናው የሚነሣው በአብዛኛው ከሞቀ መሬት ላይ ነው፤ ለዘር ጊዜ ምልክት ይሆን የነበረው የትውልድ ቀበሌ ተራራ በዚያ የለም። በእንዲህ ያለ ሥፍራ በየመንደሩ አንድ መለኪያ ተተክሎ በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት ቢነበብና ንባቡ ለገበሬዎቹ ቢነገር፣ ጥቂት የዘር ወቅቶች ካለፉ በኋላ ለአዲሱ አገር የሚሆን መዝገብ ይገኛል።