የተቀቀለ ቦሎቄ በጣሳና በሚዛን

ይዘትን ወደ ክብደት መለወጥ ቀላል ትምህርት መስሎ ይታያል። እኔም በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ እንደዚያው መስሎኝ ነበር። 5ኛ ክፍል ገብቼ አንድ ሊትር የምትይዝ ጣሳ ከፍ አድርጌ አሳየሁና «በዚህች ጣሳ ሙሉ የተቀቀለ ቦሎቄ አንድ ኪሎ ይመዝናል» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ አይደል? ቦሎቄውም ያው ነዋ! ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ እናቴ ቀቅላ ትሸጣለች። ደረቁ እንኳ አንድ ኪሎው ከዚች ጣሳ ሞልቶ ይተርፋል፤ ሲቀቀል ደግሞ ከሦስት ጣሳ ያልፋል» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። «በኋላ እናየዋለን» ብዬ አለፍኩት፤ ይህም ሁለተኛው ስህተቴ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ጣሳውን ክፍተት ሳይተው ይሞላል። ቦሎቄ ግን ፍሬ እንደመሆኑ መጠን በመካከሉ አየር ይቀራል። የእኔ «አንድ ኪሎ» ለእውነት የሚቀርበው ቦሎቄው ከነውሃው ከተሰፈረ ብቻ ነው።

ማታውኑ ሚዛን ተውሼ ሞከርኩት። ባዶዋ ጣሳ 120 ግራም ሆነች። ቦሎቄው ውሃው ተንጠፍጥፎ ከቀዘቀዘ በኋላ ሦስት ጊዜ እየሞላሁ ስመዝን 850፣ 870 እና 860 ግራም አገኘሁ። የጣሳው ክብደት ሲቀነስ አማካዩ 740 ግራም ነው። ይህ ለ1000 ሚሊ ሊትር ሲካፈል፣ አንድ ሚሊ ሊትር 0.74 ግራም ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ 200 × 0.74 = 148 ግራም ቦሎቄ ይይዛል። ወደ ኋላ ለመመለስ ማካፈል ነው፤ 370 ግራም የሚፈልግ ሰው 370 ÷ 0.74 = 500 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ ጣሳ ይሰፍራል። የብርጭቆው ይዘት ካልታወቀ ውሃ ሞልቶ መመዘን ነው፤ ውሃው ስንት ግራም ከሆነ ይዘቱም ያን ያህል ሚሊ ሊትር ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ደረቁም ቦሎቄ በአንድ ሊትር ከ750 እስከ 800 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ጣሳ ለጣሳ ሲተያዩ ደረቁና የተቀቀለው ተቀራራቢ ናቸው። ምግብነታቸው ግን አይቀራረብም! አንድ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ውሃ ጠጥቶ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናልና፣ ከተቀቀለው ሁለት ሦስተኛው ውሃ ነው። በ100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ውስጥ 23 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖር በተቀቀለው 100 ግራም ውስጥ ያለው 9 ግራም ያህል ነው። ስለ ምግብ የምናስተምር ሁሉ የደረቁን ቁጥር ወስደን ለተቀቀለው ብንሰጥ፣ ልጁ ያልበላውን ፕሮቲን በላ ብለን ልንመዘግብ ነው።

በማግሥቱ ሚዛኑን ይዤ ገባሁና የሰሌዳውን ስህተት በልጆቹ ፊት አረምኩ። ጣሳውን እንድትሞላ የጠራሁት ያችኑ ልጅ ነው። አፉ ላይ የተቆለለውን በእጇ ጠርጋ አስተካከለችና «እማዬ ግን ለደንበኞቿ ትቆልልላቸዋለች» አለች። ቁልሉንም መዘንነው፤ 50 ግራም ያህል ጨመረ።