ዛፍ ላይ ለሚወጣ ሠራተኛ የገመዱን መታሰሪያ ስለ መምረጥ

ዛፍ ላይ ወጥቶ መሥራት በኢትዮጵያ የቈየ ሥራ ነው። ቀፎ የሚሰቅለው ንብ አርቢ፤ ለከብት ቀለብና ለማገዶ ቅርንጫፍ የሚመለምለው ገበሬ፤ የዝግባና የጥድ ፍሬ ለችግኝ ጣቢያ የሚለቅመው ሠራተኛ፤ በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ ጣራ ላይ ያዘነበለውን ባሕር ዛፍ እንዲቈርጥ የሚታዘዘው የቀን ሙያተኛ፤ እነዚህ ሁሉ ሕይወታቸውን በገመድና ገመዱ በተያዘበት ዕንጨት ላይ ጥለው ይውላሉ። ከሹም የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ገመድ እንዲገዛ ነው፤ ገመዱም ከተገዛ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ደኅና ገመድ የአንድን ሰው ክብደት ብዙ እጥፍ ይሸከማል፤ ይህም መጠን በሚሸጥበት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ቅርንጫፉ ግን ምን ያህል እንደሚሸከም የተጻፈበት ምልክት የለውም። ስለዚህ ሠራተኛን ወደ ዛፍ የሚልክ ሹም ከገመዱ ጋራ መታሰሪያውንም ማስመርመር ይገባዋል፤ ለምርመራውም ጊዜ መስጠት ይገባዋል።

ምርመራው የሚጀመረው ከቅርንጫፉ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ሠራተኛው ዛፉን በአራቱም ወገን ዞሮ ይመልከት፤ ከአንድ ወገን ብቻ አይቶ ጤነኛ ነው ማለት አይበቃም፤ ቀዳዳው በማዶ በኩል ሊሆን ይችላልና። በግንዱ እግር ዙሪያ መሬቱ ተሰንጥቆ ወይም በአንድ ወገን ከፍ ብሎ የተገኘ እንደ ሆነ፤ ሥሩ መነቃነቅ ጀምሯል ማለት ነው። በሥሩ ወይም በግንዱ ላይ እንጉዳይ በቅሎ ቢገኝ የውስጡን መበስበስ ያመለክታል። በከተማ ዳር ለቆመ ዛፍ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ባለፉት ዓመታት ለመንገድ፤ ለውሃ ቧንቧ ወይም ለቤት መሠረት በአጠገቡ ተቈፍሮ እንደ ነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሥሩ በአንድ ወገን የተቈረጠ ዛፍ ቅጠሉ ለምልሞ ብዙ ጊዜ ሊቆም ይችላል፤ ቅጠሉን አይቶ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። ይህንንም ከሩቅ የመጣ ሠራተኛ ሊያውቀው አይችልም፤ የሚያውቀው የሰፈሩ ሽማግሌ ወይም ቍፋሮውን የፈቀደው መሥሪያ ቤት ነው።

ግንዱን በመዶሻ ወይም በመጥረቢያ ጀርባ ቀስ አድርጎ መምታት የሚረዳ ዘዴ ነው። ጤነኛው ግንድ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። አሮጌ ወይራ ብዙ ጊዜ ሆዱ ባዶ ነው፤ የሐበሻ ጥድም ከውጭ ደኅና መስሎ ሳለ ልቡ የሚበሰብስበት ጊዜ አለ። ባዶ የሆነ ዛፍ ሁሉ ግን ይወድቃል ማለት አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ክላውስ ማቴክ የቆሙና የተሰበሩ ዛፎችን መርምሮ፤ የቀረው ጤነኛ ዕንጨት ውፍረት ከግንዱ መካከል እስከ ዳሩ ካለው ርቀት ከመቶ 30 እጅ ሲያንስ የመሰበሩ አደጋ እንደሚበዛ አስተምሯል። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ግንድ ይህ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ መጠን ለቆመ ዛፍ የተሰጠ ነው እንጂ ሰው ለሚንጠለጠልበት ቦታ የተሰጠ አይደለም፤ ስለዚህ ባዶነቱ የታወቀ ግንድ በዚህ ልክ ቢያልፍ እንኳ በእርሱ ላይ ሰው ከማውጣት ሌላ መንገድ መፈለግ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ዐይን ወደ ባላው ይነሣ። ሁለት ቅርንጫፎች የሚገናኙበት ቦታ እንደ ጽዋ ሰፋ ብሎ የተከፈተ ሲሆን፤ የሁለቱ ዕንጨት እርስ በርሱ ተሸምኖ ያደገ ነውና ጠንካራ ነው። መገናኛው እንደ ስንጥቅ ጠባብና ሹል ሲሆን ግን፤ ሁለቱ እየወፈሩ በሄዱ ቍጥር ቅርፊታቸውን በመካከላቸው ጨፍልቀው ያስቀራሉ፤ ዕንጨት ከዕንጨት ጋራ በመያያዝ ፈንታ ቅርፊት ከቅርፊት ጋራ ተጠጋግቶ ይቀራል። ይህ ከውጭ ሲታይ ከመገናኛው ወደ ታች የሚወርድ ጠባብ መስመር፤ በመስመሩም ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ ያበጠ ነገር አለው። እብጠቱን አይቶ ቦታው ወፍሯልና ጠንክሯል የሚል አለ፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ዛፉ የሚያብጠው ድክመቱን ለመደገፍ ነው። ገመድ እንዲህ ባለ ጠባብ ባላ ውስጥ ሲገባ፤ ክብደት በተጫነበት ጊዜ ሁለቱን እንደ ሽብልቅ ይገፋቸዋል፤ ራሱም ተቀርቅሮ አልወጣ ይላል።

ባሕር ዛፍ በብዛቱ ምክንያት ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ይህ ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፤ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፤ ሕዝብ የወደደው ፈጥኖ በማደጉና ተቈርጦ እንደገና በማቈጥቈጡ ነው። ይኸው የተወደደለት ጠባይ ለሚወጣበት ሰው ወጥመድ ይሆናል። ጫፉ የተቈረጠ ባሕር ዛፍ ከቍስሉ ዙሪያ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ ቀንበጡም በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደ ሰው ጭን ይወፍራል። ከታች ለሚያየው ሰው እንደ ማንኛውም ቅርንጫፍ ነው። ነገር ግን ከመጀመሪያው ከግንዱ ጋራ አብሮ ያደገ ቅርንጫፍ እግሩ በግንዱ ውስጥ ጠልቆ የተተከለ ሲሆን፤ ይህ ከቅርፊቱ ሥር የፈላ ስለ ሆነ የያዘው የላይኛውን ሽፋን ብቻ ነው። ከበታቹም ያለው አሮጌ ቍስል ውሃ እየገባበት ይበሰብሳል። ስለዚህ ከዚህ በፊት ጫፉ የተቈረጠ ባሕር ዛፍ ሲገኝ፤ ገመዱ ከአሮጌው መቍረጫ በታች በጤነኛው ግንድ ላይ ይያዝ እንጂ በአዲሶቹ ላይ ፈጽሞ አይያዝ። ከአንድ ጉቶ አራት አምስት ሆነው የበቀሉትም ከሥራቸው የዚሁ ዐይነት ድክመት አለባቸው። ከዚህም ሌላ ባሕር ዛፍ ነፋስ በሌለበት፤ ፀሐይ በበረታበት ቀን ትልልቅ ቅርንጫፎችን ሳይታሰብ እንደሚጥል በተወለደበት በአውስትራሊያ የታወቀ ነገር ነው። ግራቪሊያም ዕንጨቱ ተሰባሪ ነውና ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለመታሰሪያ የሚመረጠው ቅርንጫፍ ሕያው መሆን አለበት። የደረቀ ዕንጨት የቱንም ያህል ቢወፍር አይመረጥም፤ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት የሚያጠራጥር ቢሆን ቅርፊቱን በጥፍር ወይም በቢላዋ ፋቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ሕያው ከሆነ ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ነው። ውፍረቱም ገመዱ በሚያርፍበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር ከ10 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ተሰባሪ በሆነ ዛፍ ላይ ከዚህ መብለጥ አለበት። ገመዱ የሚያርፈው ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚነሣበት ቦታ ተጠግቶ ነው፤ ከግንዱ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ የተንጠለጠለ ሰው ያንኑ ቅርንጫፍ እጅግ አብልጦ ያጐብጠዋልና። ከሁሉም የሚሻለው ገመዱ በቅርንጫፉ ላይ አርፎ በግንዱ ዙሪያም ማለፉ ነው፤ ቅርንጫፉ ቢሰበር ግንዱ ይይዘዋል፤ ወይም ከበታች ያለው ሌላው ቅርንጫፍ ይቀበለዋል። ገመዱ ቅርፊቱን እንዳይልጠው፤ ራሱም እንዳይላጥ፤ ከሥሩ ቍራጭ ቈዳ ማግባት ይጠቅማል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ የሒሳብ ነገር አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገመዱን በቅርንጫፉ ላይ አስሮ ቢንጠለጠል፤ ቅርንጫፉ የሚሸከመው 70 ኪሎ ነው። ነገር ግን ገመዱ በቅርንጫፉ ላይ አልፎ ወደ ምድር ወርዶ በዛፉ እግር የታሰረ እንደ ሆነ፤ ሰውየውን በአንድ ወገን ለመያዝ ገመዱ በሌላው ወገን ያንኑ ያህል ይስባል፤ ቅርንጫፉም የሁለቱን ድምር፤ ማለት እስከ 140 ኪሎ ይሸከማል። ገመዱ በቅርፊቱ ላይ ሲሻከር ይህ ጥቂት ይቀንሳል፤ ግን በዚህ መታመን አይገባም። ለሚጐዳ ሠራተኛ እርዳታ የሚሆን ሁለተኛ ሰው በዚያው ገመድ ቢንጠለጠል ደግሞ ሸክሙ እንደገና እጥፍ ይሆናል። ይህ የአስተሳሰር ዐይነት ግን አይጠላም፤ ላይ ያለው ሰው ቢጐዳ ወይም ራሱን ቢስት፤ አስቀድሞ እንዲለቀቅ ሆኖ የታሰረ ከሆነ ከታች ያሉት ሰዎች ቀስ እያሉ ሊያወርዱት ይችላሉ። ብቻ በእግሩ የታሰረውን ገመድ የሚጠብቅ ሰው ይቁም፤ ከታች ቅርንጫፍ የሚከትፍ ሌላ ሠራተኛ በመጥረቢያ እንዳይመታው።

ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ገመዱ በሰው ክብደት መፈተን አለበት። ሁለት ሰዎች ከምድር ሳይርቁ በገመዱ አብረው ይንጠልጠሉ፤ ሦስተኛው ራቅ ብሎ ቅርንጫፉንና ባላውን ይመልከት፤ የሚሰነጠቅ ድምፅ ቢሰማ ወይም ባላው ሲከፈት ቢታይ ያ ቦታ ይተው። ፈተናው የሚረዳው የመታሰሪያውን ቦታ አይቶ ለመረጠ ሰው ብቻ ነው፤ ዐይን ሳያየው ገመድ ወርውሮ የያዘውን ይያዝ ብሎ መፈተን በዕድል መጫወት ነው።

ከወጣም በኋላ መታሰሪያው ሁልጊዜ ከሠራተኛው ራስ በላይ መሆን፤ ገመዱም ሳይላላ መወጠር አለበት። የላላ ገመድ ሰውየው ከወደቀ በኋላ በድንገት ሲይዘው፤ በገመዱና በቅርንጫፉ ላይ የሚያርፈው ኀይል ከሰውየው ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ እንደ ጠፍርና እንደ ቃጫ የማይለጠጥ ገመድ ሲሆንም ይብሳል። መታሰሪያው ዝቅ ያለ ሆኖ ሰውየው ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ርቆ የሄደ እንደ ሆነ ደግሞ፤ እግሩ ሲያዳልጠው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጐን ተወርውሮ ከግንዱ ጋራ ይላተማል። በዚህ የተነሣ ወደ ዳር የሚሄድ ሰው መታሰሪያውን እጅግ ከፍ አድርጎ መምረጥ ይገባዋል።

መጋዝ የያዘ ሰው ደግሞ በአንድ መታሰሪያ ብቻ መሥራት የለበትም፤ የተወጠረ ገመድ በመጋዝ ጥርስ ሲነካ ፈጥኖ ይበጠሳልና። መቍረጥ ከመጀመሩ በፊት በአጭር ማሰሪያ ከግንዱ ጋራ ሁለተኛ ይታሰር። በሁለት ገመድ መታመን ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በትግራይ ባለው በደብረ ዳሞ ገዳም 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል የሚወጣ ሰው በጠፍር ገመዱ እየተሳበ ሲወጣ፤ ወገቡን የታሰረበትን ሁለተኛውን ገመድ ከላይ ያሉት መነኰሳት ይስቡለታል።

በካፋና በሸካ ጫካዎች በረዣዥም ዛፎች ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰዎች ከማንኛውም ትምህርት ቤት የማይገኝ የዛፍ ዕውቀት አላቸው፤ የወረዳው የእርሻ ሠራተኛም ከመምከሩ በፊት ከእነርሱ ቢጠይቅ ይጠቀማል። አደጋቸው ከሌላ ወገን ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ ለዓመታት ቀፎ ተሸክሞ ስለ ኖረ የታመነ ይሆናል፤ ማር የሚቈረጠውም ብዙ ጊዜ በሌሊት ስለ ሆነ መታሰሪያው ሳይታይ ይወጣል። ቀፎው ወደሚገኝበት ዛፍ በቀን ሄዶ መርምሮ፤ ገመዱን በብርሃን ማስያዝ ይህን አደጋ ይቀንሰዋል።

በዝናብ፤ በነጐድጓድና በብርቱ ነፋስ ቀን ማንም አይውጣ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ የሚያልፍ ዛፍም የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ኀይሉን ሳያቋርጥ አይነካም።

የመጨረሻው ነገር የሹሙ ነው። ሠራተኛው መርምሮ በዚህ ዛፍ ላይ ገመድ የሚያዝበት ቦታ የለም ሲል፤ ያ ቃል እንደ ስንፍና ተቈጥሮ እንዳይነቀፍ ያስፈልጋል። የቀን ሙያተኛ የሚከፈለው በተቈረጠው ቅርንጫፍ ልክ ከሆነ፤ አይወጣም ማለት የዕለት እንጀራውን ማጣት ይሆንበታልና በማያምነው ቅርንጫፍ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በውሉ ውስጥ የምርመራው ቀን ለብቻው ዋጋ ይውጣለት፤ ዛፉ ቢወጣም ባይወጣም ይከፈለው። መውጣት የማይቻልበት ዛፍ ረዥም እጀታ ባለው መጋዝ ከምድር ይመለመል፤ ይህ የማይደርስ ከሆነም በዙሪያው ያለው ሰውና ከብት ርቆ፤ የሚወድቅበት ወገን በገመድ ተስቦ ከሥሩ ይቈረጥ፤ በአቅራቢያው ያለ ጣራም አስቀድሞ ቆርቆሮው ይነሣ።