የቤትን ምሰሶ ስለ መመርመር

በሆሳዕና ዙሪያ፥ በሐድያና በከምባታ አገር፥ የሣር ክዳን ያለው ክብ ጎጆ ክብደቱ በመካከሉ ምሰሶ ላይ ያርፋል፤ ምሰሶው ከተበላ ቤተ ሰቡ በተኛበት ክዳኑ ሊወድቅ ይችላል። ምስጥ ከመሬት በታች ስለሚጀምር እንጨቱ ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። እኔም በዚሁ ተታልዬ ግድግዳውን ብቻ በጭቃ አስመረግሁ፤ በክረምት ምሰሶው ዘመመ።

እንግዲህ ቤቱን የሚያድስ ሰው አስቀድሞ የምሰሶውን ግርጌ ቈፍሮ በቢላዋ ጫፍ ይውጋው፤ በቀላሉ ከገባ እንጨቱ ተበልቷል። ከመንቀሉም በፊት ክዳኑን በጠንካራ ባላ ይደግፍ። ለምሰሶ ጥድ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ምስጥን ይችላል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ተልጦ በጥላ ይድረቅ። ውሃ እንዳይተኛም በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቈፈር።

አስተማሪ ሆይ፥ ይህን ለልጆች በቃል ብቻ ሳይሆን ግርጌውን አስቈፍረህ አሳያቸው።