የቁጣ ሥር

በ2007 ዓ.ም. በካን የፊልም ፌስቲቫል የታየው የያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ» የቤተሰብን ቁጣ ያሳያል። እናቱ በረሃብ የሞተችበት ኤፍሬም፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ፣ ከበጉ ከቹኒ ጋር በአጎቱ ቤት ይቀራል። አጎቱ ሰሎሞን ልጁ ምግብ ማብሰል በመውደዱ ይቆጣል፤ በጉንም ለበዓል እንዲያርድ ያዘዋል። ሱራፌል ተካ ሰሎሞንን ሆኖ ሲጫወት ከቁጣው በስተኋላ የኑሮ ጭንቀት ይታያል፤ ኤፍሬምን የሚጫወተው ረድኤት አማረ ግን ይበልጡን በዝምታ ይመልሳል። ልጁ ሳምቡሳ እየሠራ ይሸጣልና የተናቀው ሙያ የመንገድ ገንዘብ ያስገኝለታል።

መልመጃ፦ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ የወጣቶችን ቁጣ አብርደዋል። እናንተስ የካምባ ሽማግሌ ብትሆኑ ሰሎሞንን ምን ትሉት ነበር? በመጀመሪያ የቁጣውን ምክንያት፣ ቀጥሎም ምክራችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።