የጉዳት አበል ቅጽና የቤተሰብ እገዛ

በአዋቂዎች ትምህርት ክፍለ ጊዜ መምህራችን «ጎልማሳ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ምን ያነባል?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ግማሻችን ጋዜጣ፣ ግማሻችን መጽሐፍ አልን። ጎተራ ኮንዶሚኒየም የምንኖረው ሦስት ሠልጣኞች ግን መልሱን ያገኘነው ከክፍል ውጭ፣ በጎረቤት ቤት ነው። ሰው የሚያነበው ቅጽ ነው፤ ያውም ሲቸግረው።

ጋሼ (ስማቸውን እንተወው) በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ለዓመታት ሠርተዋል። መጋዝ የቀኝ እጃቸውን ጅማት ቆርጦት ሁለት ጣቶቻቸው አልታጠፍ አሉ። የቤቱ ጸሐፊ አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ሆነች፤ እሷ ያቃታትን ደግሞ ወደ እኛ ይዛ መጣች። እኛስ ምን እናውቃለን? ቁጭ ብለን አዋጁን ማንበብ ጀመርን።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ ያገኘው በ1953 ዓ.ም. ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን አዋጅ ቁጥር 715/2003 እስኪወጣ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ጠበቀ። ይህም አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። ቤተሰብን የሚያምታታው አካሉ የተጎዳ ሰው በሁለት በር መግባቱ ነው። አንዱ «የጤና ጉድለት» ነው፤ በ2003ቱ አዋጅ ለዘለቄታ አበል 10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቅ ነበር። ሌላው «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት» ነው፤ ይህ የአገልግሎት ዘመን አይቆጥርም። ልጅቷ «የጉዳቱ ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ «አደጋ» ብላ ብቻ ጽፋ ነበር። አደጋማ መንገድ ላይም ይደርሳል! በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማሽን፣ ምን ሲሠሩ፣ ማን አየ የሚለው ሁሉ መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በ2003ቱ አዋጅ ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ሠራተኛው ግን መሥራት ከቻለ፣ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መጠን ተባዝቶ አንድ ጊዜ ይከፈለው ነበር። ደመወዙ 6,000 ብር ነው እንበል። 47 በመቶው 2,820 ብር ነው፤ በ60 ሲባዛ 169,200። ጉዳቱ 20 በመቶ ከተባለ 33,840 ብር፣ 10 በመቶ ከተባለ 16,920 ብር ይሆናል። 9 በመቶ ከተባለስ? ባዶ። በአንድ ቁጥር ልዩነት የአንድ ቤት ኑሮ ይናጋል ማለት ነው። ደመወዝ የሚባለውም የተመዘገበው ነው፤ በመዝገብ ላይ ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ከሆነ ሒሳቡ አብሮ ይወርዳል።

መቶኛውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። እዚህ ላይ ነው እኛ የተማርነው። ጋሼ ቀርበው ሐኪሙ «እጅዎ እንዴት ነው?» ሲሏቸው «ተመስገን ዶክተር፣ ደህና ነው» አሉ። ምን ይበሉ? በባህላችን ደህንነቱን የተጠየቀ ሰው መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል እንጂ ችግሩን አይዘረዝርም። ልጃቸው ከጎናቸው ቆማ፣ አባቷን ማረም አፍራ፣ ዝም አለች። ወረቀቱ 8 በመቶ ይዞ ወጣ። በእርግጥ ሐኪም የሚመዝነው በአንደበት ብቻ አይደለም፤ ያልተነገረውን ግን ሁሉ አያይም።

ስለዚህ ልጅቷን ለአንድ ሳምንት በደብተር እንድትመዘግብ አደረግናት። ቁልፍ መቆለፍ አልቻሉም። ውኃ የሞላ ጆግ ከእጃቸው ወደቀ። እንጀራ በግራ እጃቸው ሲቆርሱ እንግዳ ፊት እያፈሩ ከማዕድ መራቅ ጀምረዋል። ይህንን ለእኛም አልነገሩንም ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁኔታው የባሰ ወይም ምርመራው የተሳሳተ እንደሆነ የጉዳት መጠኑ እንደገና እንዲታይ ሠራተኛው መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ማመልከቻውን እኛ አረቀቅን፤ «እኔ» የሚለውን ግን ጋሼ ራሳቸው አነበቡት፣ ራሳቸው አረሙት። ረዳት የባለጉዳዩን ቃል ይጽፋል እንጂ በእሱ ፈንታ አይናገርም።

ሌላው ጣጣ ስም ነው። መታወቂያው ላይ በ«ኃ»፣ የሥራ ውሉ ላይ በ«ሀ» ከተጻፈ ለእኛ አንድ ነው፤ ለመዝገብ ቤት ግን ሁለት ሰው ነው። የልደት ዘመንም አንዱ ጋ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው ጋ በፈረንጅ ይሰፍራል። የቀኝ እጅ ሲጎዳ ደግሞ ፊርማ ይለወጣል፤ የጋሼም ከድሮው ጋር አልገጥም ብሎ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ጎልማሶች ፊደል ቆጥረዋል፤ ቅጽ ማንበብ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ይመስለናል። ውልም ምዝገባም የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ ለምሳሌ ጆንያ ተሸካሚው፣ በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ የለም። ለመሥራት ለማይችሉ ችግረኞች ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ተጀምሯል፤ የእሱ ጉዳይ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የጋሼ የድጋሚ ምርመራ ቀጠሮ ገና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጎተራ የምንኖረው ሦስታችን ከብሎካችን ደረጃ ሥር እንቀመጣለን፤ ቅጽ ያስቸገረው ዘመድ ያላችሁ ሠልጣኞች መታወቂያውን፣ የሥራ ውሉንና የሐኪም ወረቀቱን አስይዛችሁ ባለጉዳዩን ራሱን ይዛችሁ ኑ።