ኋላ የሚበቅለው መንጋጋና የመካሪ ብዛት

ጥርሱ የሞላ ትልቅ ሰው 32 ጥርስ አለው። 16 ከላይ፣ 16 ከታች ነው። ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ከሁሉም ኋላ ይበቅላሉ። እነሱም ጥግ ጥጉን ያሉት የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ከ17 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ነው። ሰው ልብ ከገዛ በኋላ ስለሚበቅሉ በብዙ አገር «የጥበብ ጥርስ» ይባላሉ። ለአንዳንድ ሰው ጭራሽ አይበቅሉም። ይህ በሽታ አይደለም።

እነዚህ ጥርሶች ለምን ያማሉ? ለስድስት ከብት በተሠራ በረት ሰባተኛ ከብት ቢገባ ምን ይሆናል? መጋፋት ይመጣል። ጥርስም እንዲሁ ነው። የመንጋጋ አጥንት ጠባብ ሲሆን ኋላ የመጣው ጥርስ ቦታ ያጣል። ወደ ጎን ይጋደማል። ወይም ግማሹ ወጥቶ ግማሹ በድድ እንደተሸፈነ ይቀራል። በድዱና በጥርሱ መካከል የምግብ ፍርፋሪ ይገባል። እዚያም ዓይን የማያያቸው ጀርሞች ይራባሉ። ድዱ ያብጣል፣ ይመግላል። አፍ መክፈት ያስቸግራል።

ጥርስ ሲያም መካሪ ይበዛል። አንዱ «ትል በልቶት ነው፣ በጭስ ይወጣል» ይላል። ሌላው «አስፕሪኑን ድዱ ላይ አስቀምጠው» ይላል። ሌላው «እኔን ቅርንፉድ አድኖኛል» ይላል። አንዱ ደግሞ ጉጠት ይዞ ይመጣል። ታዲያ የትኛውን እንስማ?

አንድ በአንድ እንያቸው። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ስለዚህ በጭስ የሚወጣ ነገርም የለም። አስፕሪን ድድ ላይ ሲቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል፤ በሕመም ላይ ቁስል ይጨምራል። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ይህ እውነት ነው። ግን የተጋደመ ጥርስ አያቃናም። ከሁሉ የከፋው ጉጠቱ ነው። በሚገባ ሳይጸዳ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ጉጠት የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። የተጋደመ መንጋጋ በጉልበት ሲጎተት ይሰበርና ሥሩ ውስጥ ይቀራል።

መካሪዎቹ እኮ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን አፋችሁን ከፍተው አላዩም። የአንዱ ሕመም ከተቦረቦረ ጥርስ ይመጣል፤ የሌላው ከተጋደመ ጥርስ ይመጣል። ለአንዱ የበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላል። ስለዚህ ምክር ስትሰሙ «ይህ ሰው ጥርሴን አይቶ ነው ወይ? ሙያውስ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የጥርስ ሐኪም መጀመሪያ አፍ ውስጥ ያያል። ካስፈለገም ራጅ ያስነሳል። ሁሉም ጥርስ አይነቀልም። ቀጥ ብሎ የወጣና ጤነኛ የሆነ ጥርስ አይነካም። መነቀል ያለበት ከሆነ በማደንዘዣ መርፌ ይነቀላል።

ከተነቀለ በኋላ እንዲህ አድርጉ፦

1. ሐኪሙ የሰጠውን ንጹሕ ጨርቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነክሳችሁ ያዙ።
2. የመጀመሪያውን ቀን አፋችሁን በኃይል አትጉመጥመጡ፤ አዘውትራችሁም አትትፉ። የረጋው ደም ለቁስሉ ክዳን ነው። ከተነሳ አጥንቱ ይጋለጣል፤ ሕመሙም ይብሳል።
3. ትንባሆ አታጭሱ፤ አረቄም አትጠጡ።
4. ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ለብ ባለ ጨው ውኃ ቀስ ብላችሁ ተጉመጥመጡ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ ትኩሳት ከተነሳ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ ገበያም አዝመራም አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን በሽተኛው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። እብጠቱ ጉሮሮን ዘግቶ ሊገድል ይችላል። በጥርስ ምክንያት ሰው አይሞትም የሚለው አባባል ስሕተት ነው።

አባቶች «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ለጥርስም ይኸው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመጨረሻው መንጋጋ ቦታ ሲያጣ ምን ይሆናል?
2. በቀበሌያችሁ ለጥርስ ሕመም ምን ምን ይደረጋል? የትኛው ይጎዳል? ለምን?
3. በሽተኛ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል የሚወሰደው ምን ምልክት ሲታይበት ነው?